የሰፈር ሰው ስለ አካል ጉዳተኛ ጎረቤቱ እንዲገባው እንዴት ይደረጋል (ያለ ባነር፣ ያለ ቲሸርት)

ግንዛቤ ማስጨበጫ ሲባል እናንተ ምን እንደሚታያችሁ አላውቅም፣ እኔ ግን ቶሎ የሚመጣብኝ አዳራሽ፣ ባነር፣ 3 ሰዓት ተብሎ 4 ተኩል የሚጀመር ፕሮግራም፣ የክብር እንግዳ ንግግር፣ ከዛ ውሃና ኬክ፣ ከዛ ፎቶ ነው። ኅዳር 24 የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ስለሆነ በዛ ሰሞን ቲሸርቱም ይለበሳል። ኅዳር 25 ጠዋት ደሞ ያው ዊልቸር ተጠቃሚ ያው ክዳኑ የጠፋ ቦይ አጠገብ ቆሞ የሚያሻግረው ሰው ይጠብቃል።

ስለዚህ የምጽፈው ስለ ሌላ መንገድ ነው፣ ብዙ ብር የማይፈልግ። መሀል ከተማ ለምትኖሩ፣ ቂርቆስም ሆነ አራዳ ወይ ልደታ፣ እድር ውስጥ ላላችሁ ወይ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ተብላችሁ ለተያዛችሁ ወይ ዝም ብላችሁ "እኛ ሰፈር አንድ ነገር ቢደረግ" እያላችሁ ለምታስቡ። ሀሳቡ ባጭሩ ምንድነው፣ ሰው ንግግር ሰምቶ ብዙም አይገባውም፣ በየቀኑ የሚረግጠውን መንገድ ከሚቸገርበት ሰው ጋር አብሮ ሲሄድበት ነው የሚገባው፣ ከዛ ደሞ አንድ ነገር በራሱ እጅ ሲያስተካክል።

መጀመሪያ ማን እንዳለ እወቁ

"እኛ ሰፈር እኮ አካል ጉዳተኛ የለም፣ አንድ ዊልቸር ያለው ልጅ ብቻ ነው" የሚል መልስ ታገኛላችሁ፣ ምንም አትጠራጠሩ። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ራሱ በሀገሪቱ ያለውን አካል ጉዳተኛ ከመቶ 1 ሰው አካባቢ ነው ያደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት ደሞ በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ነው ይላል፣ ወደ 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ማለት ነው። እኛ ሀገር ከሌላው ዓለም ተለይቶ ሁሉም ሰው ጤነኛ ሆኖ አይደለም፣ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከአጠያየቅ ነው የሚመጣው። በር አንኳኩታችሁ "እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?" ካላችሁ መልሱ "የለም፣ ተመስገን" ነው፣ ጓዳ ውስጥ ግን ደረጃ መውረድ ካቃታቸው ሁለት ዓመት ያለፋቸው እናት አሉ። እሳቸው ራሳቸውን አካል ጉዳተኛ አይሉም፣ "እርጅና ነው" ነው የሚሉት።

ለዚህ የተዘጋጁ ስድስት ጥያቄዎች አሉ፣ የዋሽንግተን ግሩፕ ጥያቄዎች ይባላሉ፣ በብዙ ሀገር ቆጠራና ጥናት ላይ ይሠራባቸዋል። በኛ አነጋገር ሲጠየቁ እንዲህ ናቸው፦ መነጽር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ? ማዳመጫ መሣሪያ አድርገውም ቢሆን ለመስማት ይቸገራሉ? ለመራመድ ወይ ደረጃ ለመውጣትስ? ነገር ለማስታወስ ወይ ሀሳብ ለመሰብሰብስ? ለመታጠብ፣ ለመልበስስ? ሲናገሩ ሰው እንዲገባው ለማድረግ፣ ሰው ሲያወራም ለመረዳትስ? መልሱ ደሞ "አዎ" ወይ "አይ" አይደለም፣ አራት ነው፦ ምንም አልቸገርም፣ ትንሽ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ጭራሽ አልችልም። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ያረፈውን ሰው ስም ያዙ። እንዲህ ስትጠይቁ "የለም ተመስገን" ያለው ቤት ሁለት ሰው ይወጣዋል።

ማን ይጠይቅ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። አሁን ባለንበት ጊዜ መሀል ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ደብተር ይዞ በር ላይ ከቆመ ሰዉ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፣ ወይ "ሊያፈርሱ ነው፣ ሊለኩ መጡ" ወይ "እርዳታ ሊመዘግቡ ነው"። በሁለቱም እውነተኛ መልስ አታገኙም፣ አንደኛው ይደብቃል ሁለተኛው ይጨምራል። ስለዚህ የማይታወቅ ወጣት ባጅ አንጠልጥሎ አይሂድ። ቡና ላይ የምትገባ፣ ቤቱን የምታውቅ ሰው ትጠይቅ፣ ከተቻለ ደሞ ራሷ አካል ጉዳተኛ የሆነች ወይ እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድግ እናት። ስም ዝርዝሩ ደሞ የእድሩ ጸሐፊ ጋ ይቀመጥ፣ በምንም ምክንያት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳይለጠፍ፣ "የሰፈራችን አካል ጉዳተኞች ዝርዝር" ብሎ ፒዲኤፍ የሚልክ ሰው አይጠፋምና ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

ከቤት የማይወጡ ልጆች አሉ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን ግን ጮክ ብለን አንናገረውም። እናትየዋን "ለምን ደበቅሽው" ብሎ መጀመር በሩን ለሁልጊዜ ማዘጋት ነው። እናትየዋ ልጁን ይዛ ስትወጣ ምን እንደሚደርስባት አስቡ፣ ታክሲ ውስጥ "ምን ሆኖ ነው?" ይላታል አንዱ፣ ሌላዋ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ አንዷ ደሞ "የእናት ኃጢአት ይሆናል" ብላ ለጎረቤቷ ታንሾካሹካለች፣ በጆሮዋ እየሰማች። ልጇን ከሰው ዓይን ነው ያሸሸችው። ያለ አባት ብቻዋን የምታሳድግ ከሆነች ደሞ ሥራ ሄዳ እስክትመለስ ልጁን ማን ጋ ትተው? ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ትምህርት ሳይሆን ሁለት ሰዓት ልጁን የሚያይላት ሰው ነው። እሱን ያደረገ ጎረቤት በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ትምህርት ቤት ሊያወራት ይችላል።

እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው ለሚለው ደሞ፣ ከጠበል ጋር አትጣሉ። ማንም ሰው እምነቱን ሰድበህበት አይሰማህም። የሚሠራው "ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው" ነው፣ ይሄን ደሞ ከናንተ ይልቅ የነፍስ አባቱ ወይ ሼኩ ቢሉት ይሻላል፣ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ተጨባጭ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ገና በሳምንታት ዕድሜው በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ማስተካከል ከተጀመረለት አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በቆየ ቁጥር ግን ይከብዳል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ "እርጅና ነው" ተብለው ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ስንት አያቶች አሉ። ኦቲዝም ደሞ በሽታ ሆኖ "የሚድን" ነገር አይደለም፣ ልጁ በራሱ መንገድ እንዲማር ማገዝ ነው ያለው፣ ይሄን ከተማችን ውስጥ ጮክ ብለው መናገር ከጀመሩት አንዷ ዘሚ የኑስ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፣ የራሷን ልጅ ይዛ ከ20 ዓመት በላይ በፊት ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው።

አብራችሁ ሂዱ

አሁን ዋናው ሥራ። ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከቤት እስከ ወረዳ፣ አንዱን ምረጡ። 300 ሜትር ይበቃል። የሚመራው አካል ጉዳተኛው ነው፣ እናንተ ከኋላ ናችሁ፣ አፋችሁን ዝጉና ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሰውየውን ሳይሆን መንገዱን። ቢቻል አንድ ዊልቸር የሚጠቀም፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳናት ይኑሩ፣ የሚያዩት ችግር ፍጹም አይገናኝምና። ዊልቸር ለሚጠቀመው ስለሚመች ብላችሁ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ከአስፋልቱ እኩል ዝቅ ብታደርጉት ዓይነ ስውሩ የት ጋ አስፋልት ውስጥ እንደገባ በዱላው ማወቅ አይችልም፣ ይሄን እዛው ቆመው ሲከራከሩ መስማት ነው ትምህርቱ።

ለሚመሯችሁ ሰዎች ጊዜ ደሞ ክፈሉ። ትራንስፖርትና የግማሽ ቀን አበል፣ የእድሩ ካዝና ለቀብር ድንኳን መጠገኛ ካለው ለዚህም አያጣም። "ለራሳቸው ጥቅም ነው እኮ" የሚል ሰው ይኖራል፣ አይደለም፣ እናንተን ነው የሚያስተምሩት።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፣ ዓይናችሁን በጨርቅ ታስራችሁ ሂዱ ወይ ዊልቸር ላይ ተቀመጡና ሞክሩት የሚባለው ጨዋታ። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ዓይኑን አሁን የታሰረ ሰው የሚማረው ፍርሃት ብቻ ነው፣ "ወይኔ እንዴት ይኖራሉ" ብሎ ይወጣል። ሃያ ዓመት በነጭ ዱላ የሄደ ሰው እንደዛ አይደለም የሚኖረው፣ ከለገሀር ተነስቶ ቸርችልን ይዞ ጥቁር አንበሳ ድረስ ብቻውን ይሄዳል፣ የሚያናድደው መንገዱ ላይ ያለው ነገር ነው።

ምን ታያላችሁ? የሞተር ማቆሚያ የሆነ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት)። ሦስት ደረጃ ካለ በኋላ የሚጀምር ራምፕ፣ እሱም አለ። በእብነ በረድ የተነጠፈ፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና የሚሆን። መሀል ላይ ምሰሶ የተተከለበት የእግረኛ መንገድ። ሱቁን ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ ያወጣ ነጋዴ። ግን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ፣ ነጭ ዱላ የሚያገኘው መሬት ላይ ያለውን ነው፣ ከወገብ በላይ ያለውን አያገኝም። የቦይ ጉድጓዱን ዱላው ያገኘዋል። ፊት የሚቆርጠው የጸሐይ ጃንጥላ ብረት ነው፣ ወደ ውጭ የተከፈተ የመስኮት ጠርዝ፣ አንገት ላይ የሚደርስ የሸራ ገመድ።

የሸራ ገመድ ያልኩት በምክንያት ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ስንሄድ የሚመራን ዓይነ ስውር ጎረቤታችን አንድ በር ላይ ሲደርስ ቆመና እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ "እዚህ ጋ ሁልጊዜ ገመድ አለ" አለ። የማን ገመድ ነው? የራሳችን እድር ድንኳን። ልቅሶ ሲሆን የእግረኛ መንገዱን ሙሉ ይዘን እንተክላለን፣ ካስማው አስፋልቱ ጫፍ ላይ፣ ገመዱ በአግድም። ማንም አስቦት አያውቅም። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ እዛው ቆመው ገመዱ የት የት እንደሚወጠር በእጃቸው ሲያሳዩ ነበርና በኋላ ስብሰባ ላይ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አሁን ድንኳን ሲተከል አንድ ሜትር ተኩል መተላለፊያ ይተዋል፣ ገመዱ ላይ ቢጫ ፌስታል ይታሰራል፣ ቢጫው በደንብ ለማያዩት ነው፣ ጭራሽ ለማያየው ደሞ ከስሩ በርጩማ ይቀመጣል ዱላው እንዲያገኘው።

ሌላ ማንም የማያውቀው ነገር፣ አዲስ በተሠሩ አንዳንድ የእግረኛ መንገዶች ላይ ያለው ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ንጣፍ። ጌጥ መስሎት የጀበና ቡናዋን በርጩማ እሱ ላይ የምትደረድር አለች፣ ሊስትሮውም እዛው ነው። ረዣዥም መስመር ያለበት "ቀጥል" ማለት ነው፣ ነጠብጣብ ያለበት ደሞ "ቁም፣ ከፊትህ ማቋረጫ ወይ ደረጃ አለ" ማለት ነው፣ በእግርና በዱላ የሚነበብ። ቡና ለምትሸጠው ልጅ ይሄን ሁለት ዓረፍተ ነገር ዓይነ ስውሩ ራሱ ሲነግራት በርጩማውን ለማንሳት ደቂቃ አልፈጀባትም፣ ከዛ በኋላ እሷ ናት ሌላውን የምታስነሳው።

እድራችሁን ከውስጥ እዩት

አካል ጉዳተኛ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ስድብ አይመስለኝም፣ ደግነት የሚመስለው ማግለል ነው። "አንተ አትምጣ፣ ትቸገራለህ፣ ቅጣትም አንጽፍብህም" ይባላል። ሰውየው ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላል ግን ቀብር ላይ አይጠራም፣ ሥራ አይመደብም፣ ስለዚህ ስብሰባም አይመጣም፣ ስለዚህ ለኮሚቴ አይመረጥም፣ ስለዚህ ድንኳኑ የት ይተከል ሲባል የሚጠይቀው የለም። ዊልቸር ላይ ሆኖ መዝገብ መያዝ ይቻላል፣ ገንዘብ ያዥ መሆን ይቻላል። ሥራ መድቡት፣ ከቀረም እንደማንኛውም አባል ቅጡት።

መስማት የተሳነው አባል ደሞ ለፋፊው ሌሊት ጡሩንባ ሲነፋ እንዴት ይስማ? ጠዋት ወጥቶ ድንኳን ሲያይ ነው ጎረቤቱ መሞቱን የሚያውቀው፣ "ልቅሶ ያልመጣ" ተብሎ ይታማል። መፍትሔው አንድ ኤስኤምኤስ ነው። ጸሐፊው የሦስት አራት ሰው ቁጥር ለይቶ ይያዝ፣ ለፋፊው ከመውጣቱ በፊት ይላክ። ቴሌግራም ግሩፕ ያላችሁ ደሞ የድምፅ መልእክት ብቻ አትላኩ፣ እሱ አይሰማውምና፣ ፖስተር ብቻም አትለጥፉ፣ ዓይነ ስውሩ ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል እንጂ ፎቶ ላይ የተጻፈውን አያነብለትም። ያንኑ ነገር ከፎቶው ስር በጽሑፍ ድገሙት፣ በቃ።

ስብሰባ መጥራታችሁ ካልቀረ ምድር ላይ ያለ ክፍል ያዙ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ዊልቸር መዞሩን አስቀድማችሁ አንድ ሰው ገብቶ ይየው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካስፈለገ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ስለሚያስተምር ከዛ የወጡ ባለሙያዎች አሉ። አስተርጓሚው ብርሃን ያለበት፣ ከተናጋሪው አጠገብ ይቁም፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ሁለት ሆነው ይቀያየሩ ምክንያቱም እጅም ጭንቅላትም ይደክማል። ስታወሩ ደሞ ሰውየውን እዩት፣ አስተርጓሚውን "እንዲህ በለው" አትበሉት። ዓይነ ስውር ካለ እያንዳንዱ ተናጋሪ ስሙን ብሎ ይጀምር። ለልጆች ደሞ የፊደል ምልክቱን አስተምሯቸው፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርፅ አለው፣ ሀ ሁ ሂ የሚለው ቅደም ተከተል ደሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል፣ ልጆች እንደ ጨዋታ ይይዙታል፣ ትልልቆቹ ነን እጃችን የሚተሳሰረው።

ንግግር የሚያደርግ ሰው ስትመርጡ "ችግርህን ንገረን" ብላችሁ አታስለቅሱት። ጀግናም አታድርጉት። ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮም በፓሪስም ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ አምጥታለች፣ ያየሽ ጌቴም ፓሪስ ላይ፣ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ሆና ሕግ ተምራ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዳለች፣ ደስ ይላል፣ ልጆች ይወቋቸው። ጎረቤታችሁ ግን ዳቦ ገዝቶ መመለስ ነው የፈለገው። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለችው ደረጃ እንድትስተካከል ወርቅ ማምጣት አይጠበቅበትም።

ታክሲ ተራው

እዚህ ጋ እያንዳንዱን ወያላ አሳድዳችሁ አትዘልቁትም። ተራ አስከባሪዎቹን ያዙ። ሰው በሚቀንስበት ሰዓት፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ፣ ሻይ እየጠጡ ባሉበት ሂዱ፣ ዊልቸር የሚጠቀመው ሰው ራሱ አምስት ደቂቃ ያውራቸው። የሚጠየቀው ነገር ጥቂት ነው፦ ለዊልቸሩ ሌላ ሂሳብ አይጠየቅ፣ ጋቢና ይለቀቅለት፣ መኪናው ከጠርዙ ራቅ ብሎ ሳይሆን ጠጋ ብሎ ይቁም፣ ወንበሩ ሲታጠፍ የት ጋ እንደሚያዝ ባለቤቱ ይንገር (ጎማውን ይዘው ሲያነሱት ነው የሚሰበረው)። ለዓይነ ስውር ደሞ መልስ ሲሰጥ "ይሄ ሃምሳ ነው፣ ይሄ አስር" እያሉ አንድ በአንድ። የወረፋ ሰልፍ ላይ ማስቀደም ጥሩ ነው ግን ጠይቆ፣ ክንድ ጨምድዶ እየጎተቱ አይደለም።

ያው መርዳት ላይ ካነሳን፣ "ልርዳህ?" በሉና መልሱን ጠብቁ። "አይ አመሰግናለሁ" ካለ እሺ ነው፣ ቅር አይበላችሁ። "እሺ" ካለ ክንዳችሁን ስጡት፣ እሱ ይያዛችሁ፣ እናንተ ግማሽ እርምጃ ቅደሙ፣ ደረጃ ሲመጣ "ወደ ላይ ነው" ወይ "ወደ ታች ነው" በሉ። ዱላውን አትያዙ፣ ዊልቸሩን ሳትጠይቁ አትግፉ። ታክሲ ለመጠበቅ የቆመ ዓይነ ስውር እጅ ላይ ደሞ ሳንቲም አታስቀምጡ፣ በጣም የተለመደ ነው፣ ሱፍ ለብሶ ቦርሳ ይዞ ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው እኮ ነው።

ከነጋዴና ከሕንፃ ባለቤት ጋር

ሕጉ አለ። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀምና ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚገባበት መንገድ፣ መጸዳጃ ቤትም ጭምር እንዲኖረው አዟል። ለቀጣሪ ደሞ አዋጅ 568/2000 አለ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ መከልከልን ያግዳል፣ የሥራ ቦታውንም እንዲመች እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ሀገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 አጽድቃለች። ወረቀቱን ያዙት ግን ኪስ ውስጥ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሜትር አውጡ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት። 15 ሴንቲ የሆነች አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ራምፕ ትፈልጋለች፣ ይሄን ለሱቅ አንድ በያጅ በላሜራ ይሠራዋል፣ ላዩ ሻካራ ይሁን፣ ማታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሦስት ደረጃ ያለው ሕንፃ ግን ወደ 50 ሴንቲ ነው፣ 6 ሜትር ይሆናል፣ እሱን በአጭር ላሜራ ልሥራው የሚል ካለ ሰው ሊገድል ነው፣ አቀበቱ ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። በሩ ደሞ ተከፍቶ ቢያንስ 80 ሴንቲ ይለፍ። እንዲህ በቁጥር ስትመጡ ባለሱቁ "እግዜር ይስጠው" ከማለት ወጥቶ "ስንት ይፈጃል?" ይላል። ባለሕንፃው ካልሰማ ያኔ ሕጉን ጠቅሳችሁ ደብዳቤ ጻፉ፣ በእድሩ ማኅተም፣ ግልባጭ ለወረዳው፣ የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽንንም አማክሩ፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ከናንተ በፊት ገጥሟቸዋል።

ጥበቃዎቹን አትርሷቸው። ራምፑን በሰንሰለት የሚቆልፈው፣ ሞተር የሚያስቆመው፣ "በኋላ በር ዙር" የሚለው ጥበቃው ነው፣ ያዘዘው ደሞ ሌላ ነው። ባለቤቱንና ጥበቃውን አንድ ላይ አቁማችሁ አነጋግሩ፣ አለዚያ ሁለቱ እየተወራወሩ ይጨርሷችኋል።

ጤና ጣቢያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ተራ ሲደርስ ስም ከመጥራት ሌላ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ። ነጭ ሰሌዳና ማርከር ይበቃል። መስማት የተሳናት እናት ልጇን ታቅፋ ስሟ ሲጠራ ሳትሰማ ተራዋ የሚያልፈው እሷ ላይ ብቻ አይደለም፣ በጫጫታው ያልሰማ አዛውንት ሁሉ ይጠቀማል፣ ስለዚህ ነርሶቹ ቶሎ ይቀበሉታል።

ሁሉንም አንዴ አትጀምሩ። ከጉዞው በኋላ ያነሳችሁትን ፎቶ እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ አሳዩ፣ ፕሮጀክተር አያስፈልግም፣ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ዓይነ ስውር አባል ካለ አንዱ ጮክ ብሎ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያለውን ያንብብ። ከዛ አባላቱ አንድ ነገር ይምረጡ፣ አንድ ብቻ፣ በሁለት ወር የሚያልቅ። ሲመረጥ ደሞ የአካል ጉዳተኞቹ ድምፅ መጀመሪያ ይሰማ፣ አለዚያ ፎቶ ላይ ደስ የሚለው ነው የሚመረጠው። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ብሩ ከየት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን ሄዶ እንደሚሞክረው ይጻፍ። ራምፕ ከሆነ የሚሞክረው ዊልቸሩ ላይ ያለው ሰው ነው፣ እሱ ወጥቶ ገብቶ "ይሆናል" ሳይል ለበያጁ የመጨረሻው ክፍያ አይሰጥም።